ሽማግሌ አባትን ከአውቶሞቢል መሪ ስለ ማሳረፍ

በቤተ ሰብ መካከል ከሚነሡት ነገሮች ሁሉ፣ ልጅ ለአባቱ «ይህን ከእንግዲህ ወዲህ ይተዉት» ብሎ ከመናገር የሚከብድ ጥቂት ነው። አባት ልጁን ሲከለክል ኖሮ፣ ልጁ በተራው አባቱን ከልካይ የሚሆንበት ቀን ሲደርስ ነገሩ ለሁለቱም ያሳፍራልና። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንናገርለት ነገርም ከዚሁ ወገን ነው፤ ይኸውም ዕድሜው የገፋ፣ ዓይኑ የደከመ፣ እጁና እግሩም እንደ ቀድሞው ፈጥኖ የማይታዘዝለት ታላቅ ሰው አውቶሞቢል መንዳቱን እንዲተው በምን አኳኋን ይለመናል የሚለው ነው። ጉዳዩ ለአንድ ቤት ብቻ የተመደበ ይመስላል። ዳሩ ግን መንገዱ የሁሉ ስለ ሆነ፣ ጎረቤቱም መንገደኛውም ከጉዳዩ ውስጥ ድርሻ አላቸው።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲያነብ «ነጂ ይቀጠር፤ ወይም ታክሲ ይጠራ» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰው ይሆናል። ነገሩ የሚከብደው ግን በደጋው ሀገር ነው። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ የሆነችውን ዘመሮን እናስብ። ወደ መንዝ የሚገባው መንገድ ከዋናው ጐዳና በጣርማ በር ላይ ተገንጥሎ በደጋው ላይ ይሄዳል፤ በዚያም ወራቱ ሲደርስ ጉሙ ከቀትር በፊት እንኳ ሳይገፈፍ ይውላል። ወደ መርሐ ቤቴና ወደ ጊሼ በኩል ደግሞ የጀማና የወንጪት ወንዞች የቈረጡት ገደል አለ። በገበያ ቀን አህያ የሚነዳው፣ በግ የሚጎትተው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ሁሉ በዚያው በአንዱ መንገድ ላይ ነው።

በእንዲህ ያለ ሀገር አውቶሞቢል ያለው ሽማግሌ አውቶሞቢሉን የያዘው ለራሱ ብቻ አይደለም። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወይም የእህል ወፍጮ ያለው፣ ወይም በንግድ ጥሪት የቋጠረ ሰው ነው እንበል። በሌሊት አንዲት ሴት ምጥ ጸንቶባት ወደ መኻል ሜዳ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መሄድ ሲያሻት የሚንኳኳው የእርሱ በር ነው። ቀድሞ ቃሬዛ ተሸክሞ ሲወጣና ሲወርድ ያድር የነበረው የመንደር ሰው፣ አሁን «አባባ እገሌን ቀስቅሷቸው» ይላል። ለቅሶ ሲኖር አልቃሽ የሚጫነው፣ ሰርግ ሲኖር ሙሽራ የሚወሰደው በእርሱ መኪና ነው። ስለዚህ ልጆቹ «መንዳቱን ይተዉ» ሲሉት የሚሰማው ቃል «ከእንግዲህ በሌሊት የሚያንኳኳብዎ አይኑር» የሚል ነው። ይህን ያልተረዳ ልጅ፣ ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ አባቱን አሳምኖ አይመለስም።

ደግሞም «አርባ ዓመት ስነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨሁም» የሚለውን ሽማግሌ መናቅ አይገባም። በዓለም ላይ በ2021 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። በሀገራችን ከሚደርሰው አደጋ የሚበዛውን የሚያደርሱት ግን ሽማግሌዎች አይደሉም፤ የወጣት ነጂዎች ፍጥነትና ችኰላ ነው። ሽማግሌ ነጂ አይሰክርም፣ አይሽቀዳደምም፣ ሲመሽም ቤቱ ይገባል። ይህ ሁሉ ለእርሱ ምስክር ነው። ነገር ግን በሌሎች ሀገሮች የተነዳውን ርቀት እየቈጠሩ ሲመረምሩት፣ አደጋው ከ70 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ እንደሚል፣ ከ80 በኋላም አብልጦ እንደሚጨምር ታውቋል። በዚያ ላይ ጐልማሳ ጥቂት ቈስሎ የሚተርፍበት ግጭት ሽማግሌውን ይገድለዋል፤ አጥንቱና ደረቱ አይችልምና።

ዕድሜ በሰውነት ላይ የሚያደርገውን ነገር በጥቂቱ እንናገር። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን፣ የ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚያስገባው ሢሶው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ለልጁ ገና ቀን የሆነው ለአባቱ መሽቷል። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ሲያበራበትም፣ የወጣቱ ዓይን ወዲያው ሲመለስ የሽማግሌው ዓይን ጥቂት ጊዜ ታውሮ ይቈያል። አንገት ይደርቃል፤ ከጐን የሚመጣውን ዞሮ ለማየት ያስቸግራል። እግር ይደነዝዛል፤ ይህም በተለይ የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ላይ ይበረታል፤ ፍሬኑን የረገጠ መስሎት ነዳጅ መስጫውን የሚረግጠው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ለእንቅልፍና ለጉንፋን የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሰውነትን ያፈዝዛሉ።

የሐሳብ መዘግየትን ነገር በቍጥር ማየት ይሻላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ሕፃን ከአጥር ኋላ ሮጦ መንገድ ውስጥ ሲገባ፣ ፍሬን ለመርገጥ አንድ ሰከንድ የዘገየ ነጂ፣ እግሩ ፍሬኑን ሳይነካ 16 ሜትር አልፏል። ይህን 16 ሜትር የአርባ ዓመት ልምድ አይመልሰውም። ልምድ ቀዳዳውን፣ ጠመዝማዛውን፣ ቍልቍለት ላይ ማርሽ የሚቀነስበትን ስፍራ ያስታውቃል፤ ሳይታሰብ የሚመጣውን ነገር ግን የሚይዘው ፈጣን ዓይንና ፈጣን እግር ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ልጆች የሚቸኵሉበት ስሕተት አለ። ዓይኑ የደከመ ሁሉ ለዘወትር የደከመ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት፣ ከዓይነ ስውራኑ እኩሌታ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ መሆኑ ተገልጧል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ትራኮማ ነው። የሞራ ግርዶሽ በአጭር ጊዜ በሚፈጸም ቀዶ ጥገና ይነሣል። በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ሽፋንም በቀዶ ጥገና ይቃናል። ስለዚህ አባቱን «መንዳት ይተዉ» ከማለቱ በፊት፣ ልጁ አስቀድሞ ወደ ሐኪም ሊወስዳቸው ይገባል። በቅርብ ካለው ሆስፒታል ይጀመር፤ ካስፈለገም በዓይን ሕክምናው የታወቀው የአዲስ አበባው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ሞራው ተገፎ የፊቱን በደኅና የሚያይ ሽማግሌ፣ ሐኪሙ ከፈቀደለት በቀንና በቅርብ መንገድ ለጥቂት ዓመት ቢነዳ ማንም አይከፋም። ግላኮማ የሚባለው ግን ከጐን በኩል ያለውን እይታ ቀስ በቀስ የሚወስድ ነው፤ የጠፋውም አይመለስም፤ ባለቤቱም ሳያውቀው ብዙ ጊዜ ያልፋል። እንግዲህ ሐኪሙ የሚናገረው ቃል ልጁ ከሚናገረው መቶ ቃል ይበልጣል። ሽማግሌው በልጁ አልተሸነፈም፤ የሐኪም ትእዛዝ ተቀበለ እንጂ።

ጊዜው መድረሱ በምን ይታወቃል ቢሉ፣ መኪናው ራሱ ይናገራል። በስፖኪዮው ላይ አዲስ ጭረት፣ በጓሮው በር ምሰሶ ላይ የቀለም ምልክት፣ «ማን እንደ ገጨው አላውቅም» የተባለ የጐደጐደ በር ይታያል። ሁልጊዜ ከሚሄዱበት ገበያ ሲመለሱ መንገድ ስተው ዘግይተው መምጣት፣ ከኋላ የሚከተሉት ነጂዎች ጥሩምባ ማብዛት፣ የልጅ ልጆችም «ከአያታችን ጋር አንሄድም» ማለት አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳስበው፣ ሚስት በጐን ተቀምጣ «ግራ፤ ቀኝ፤ ቁም፤ ሰው አለ» እያለች መንገዱን የምትነግር ስትሆን ነው። በዚያ ጊዜ መኪናውን የሚነዱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ፍሬን የላትም። ልጅም አባቱን ከመክሰሱ በፊት አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጦ ሩቅ መንገድ አብሮ ይሂድ፤ በወሬ አይፍረድ።

ጉዳዩ ሳይታይ ሲቀር የሚሆነውን ነገር ከሩቅ ሀገር ሁለት ታሪክ እንናገራለን፤ ሁለቱም ከፍ ካለ ማዕረግ በነበሩ ሰዎች ላይ የደረሱ ናቸው።

የመጀመሪያው በጃፓን ነው። በቶክዮ ከተማ ኢኬቡኩሮ በሚባለው ሰፈር ሚያዝያ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. አንድ የ87 ዓመት ሽማግሌ የሚነዱት አውቶሞቢል በድንገት ፈጥኖ መብራት ጥሶ ገባ። የ31 ዓመት እናትና የ3 ዓመት ሴት ልጅዋ በብስክሌት ሲሄዱ ሁለቱም ሞቱ፤ ሌሎች ዘጠኝ ሰዎችም ቈሰሉ። ሽማግሌው ቀድሞ በጃፓን መንግሥት የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ውስጥ ታላቅ ሹመት የነበራቸው ሰው ናቸው። እርሳቸው «መኪናው ተበላሽቶ ነው» አሉ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በፍሬን ፋንታ ነዳጅ መስጫውን ረግጠዋል ብሎ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የአምስት ዓመት እስራት ፈረደባቸው። በ90 ዓመታቸው ወህኒ ገቡ፤ በ2017 ዓ.ም. በዚያው ሳሉ ሞቱ። የሀገሩ ሕዝብ የተቈጣው በሞቱት ማዘን ብቻ አይደለም፤ «ቀድሞ ሹም ስለ ነበሩ ወዲያው አልተያዙም» በማለትም ነው። ስንት ዓመት መንግሥትን ያገለገለ ሰው ስሙ የሚነሣው በዚያች በአንዲት ቀን ሆነ።

በዚያው ዓመት፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2019 ማለት ነው፣ በጃፓን 600,000 ያህል ሰዎች መንጃ ፈቃዳቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለመንግሥት መለሱ፤ ከእነርሱም ከእኩሌታ በላይ የሆኑት ከ75 ዓመት በላይ ነበሩ። የጃፓን መንግሥት ፈቃዱን ለሚመልስ ሽማግሌ ቀድሞ ነጂ እንደ ነበረ የሚመሰክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ በዚያ ወረቀትም በአውቶቡስና በሱቅ የዋጋ ቅናሽ የሚያደርጉለት አሉ። ይህ ነገር በጣም ደስ ያሰኘናል። ከሰው እጅ አንድ ነገር ሲወሰድ በምትኩ ሌላ ነገር ይሰጠው ማለት ነውና።

ሁለተኛው የእንግሊዝ ንግሥት ባል የነበሩት ልዑል ፊሊፕ ናቸው፤ በ1957 ዓ.ም. ከንግሥት ኤልሳቤጥ ጋር ወደ ሀገራችን መጥተው እንደ ነበር ይታወቃል። ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በ97 ዓመታቸው በሳንድሪንግሃም አጠገብ ላንድሮቨር ሲነዱ ከአንዲት ትንሽ መኪና ጋር ተጋጩ፤ ላንድሮቨሩ ተገለበጠ። በሌላይቱ መኪና ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንደኛዋ እጅዋ ተሰበረ፤ የዘጠኝ ወር ሕፃንም በውስጧ ነበረ፤ እርሱ ግን ምንም አልሆነ። ልዑሉ በሁለተኛው ቀን ደግሞ መቀመጫ ቀበቶ ሳያስሩ ሲነዱ ታዩና ሕዝቡ አጉረመረመ። በኋላ ግን እጅዋ ለተሰበረው ሴት የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ፤ በደብዳቤያቸውም ፀሐይዋ ዝቅ ብላ እንደ ነበረች ጠቅሰዋል። የካቲት 2 ቀንም መንጃ ፈቃዳቸውን በፈቃዳቸው መለሱ፤ በሕግም ሳይከሰሱ ቀሩ። በጦር መርከብ ላይ ያገለገሉ፣ ሠረገላ መንዳትን የሚወዱ፣ «ተው» ሲባሉ እሺ የማይሉ ሰው ነበሩ። ለእርሳቸው ያልቀለለ ነገር ለመንዝ ሽማግሌ ይቀልላል ብሎ መገመት አይገባም። እኛን የሚያስደንቀን ግን በቤታቸው ስንት ነጂ ተሰልፎ ሳለ ራሳቸው መንዳታቸው ነው። እንግዲህ ነጂ ማግኘት ብቻ ነገሩን እንደማይጨርሰው ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ ወደ ሀገራችን እንመለስ። ለዚህ ነገር ከውጭ ሀገር ምሳሌ ከመፈለግ ይልቅ የአባቶቻችንን ልማድ ብንመለከት የተሻለ መንገድ እናገኛለን። መኳንንት ሲጓዙ የጦር ፈረሳቸው በሎሌ እየተሳበ ከፊት ይሄድ፣ እነርሱ ግን በበቅሎ ተቀምጠው ይጓዙ ነበር። ፈረስ የጦርነትና የጕግስ ነው፤ ጌታው ስሙን የሚጠራበትም እርሱ ነው። በቅሎ ግን የማዕረግ ነው፤ ቀስ ብሎ በሚረግጥ በቅሎ ላይ ካባ ደርቦ፣ ልጓሙን ሎሌ ይዞለት የሚሄደውን ሰው ያየ ሁሉ «ታላቅ ሰው አለፈ» ይላል እንጂ «ፈረስ መጋለብ አቃተው» አይልም። ጐበዙ በፈረስ ይጋልባል፤ ሽማግሌው በበቅሎ ይሳባል፤ በዚህም ማንም አላፈረም።

አውቶሞቢልም ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የተከተለው ይህንኑ ሥርዐት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በኩል መጥቶ አዲስ አበባ አውቶሞቢል ሲያስገባ፣ በ1836 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜን ሸዋ በአንጎለላ የተወለዱት፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው የተባሉት ዳግማዊ ምኒልክ ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር፤ ተቀምጠውበትም ተደሰቱበት። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ በሀገራችን ከኋላ የተቀመጠው ጌታ፣ መሪውን የያዘው ደግሞ ደመወዝተኛ ነበር። መሪ መያዝ የክብር ምልክት የሆነው በቅርብ ዘመን ነው። ስለዚህ ልጅ አባቱን የሚለምነው ከክብራቸው እንዲወርዱ አይደለም፤ ከፈረሱ ወርደው በበቅሎው እንዲቀመጡ ነው። ይህን ነገር በዚህ አነጋገር የነገራቸው እንደ ሆነ፣ የደጋው ሽማግሌ ወዲያው ይገባዋል።

አነጋገሩ እንዴት ይሁን? አስቀድሞ፣ ከልጆች መካከል አንዱ ብቻ ይናገር። ሁሉ በአንድ ላይ ተሰብስቦ አባትን ከቦ መናገር ችሎት ይመስላል፤ ችሎት የቆመ ሽማግሌ ደግሞ ይከራከራል እንጂ አይመክርም። የበዓል ቀን፣ እንግዳ ባለበት፣ ይልቁንም የልጅ ልጅ ወይም ምራት በምትሰማበት አይነሣ። ልጁ ብቻውን፣ ማለዳ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ ይቀመጥና እንዲህ ያለ ነገር ይናገር፦

«አባባ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ተናገር።»

«ያን ጊዜ ከመኻል ሜዳ ሲመለሱ ጉም ይዞዎት እንደ ነበር ከነገሩኝ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።»

«እኔ ይህን መንገድ አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው።»

«መንገዱን እንደርስዎ የሚያውቅ የለም። እኔ የፈራሁት መንገዱን አይደለም፤ ሳይታሰብ የሚገባብዎትን የሰው ልጅ ነው። በዚህ ዕድሜዎ በሰው ደም ተጠይቀው ለዕርቅ ሽማግሌ ሲልኩ ማየት አልችልም። ስንቱን ያስታረቁ ነዎት።»

አባት ዝም ይላሉ። ከዝምታቸው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ታዲያ ለቅሶዬንስ? ማኅበሬንስ? በእግሬ ልሂድ ነው?»

ብዙ ልጆች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። «እኛ አለን» ይላሉ። አባትም ልጆቹ የት እንዳሉ ያውቃል፤ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷም ባሕር ማዶ ናት። «እኛ አለን» ማለት በዘመሮ ሆኖ ሲሰማ ባዶ ቃል ነው። ስለዚህ ከመናገር በፊት መልሱ ተዘጋጅቶ ይገኝ። አንድ ወር ሙሉ አባት የት የት እንደሚሄዱ ይቈጠር፤ ስንት ጊዜ ወደ ገበያ፣ ስንት ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ስንት ጊዜ ወደ ባንክና ወደ ሆስፒታል፣ ለማኅበርና ለለቅሶስ ስንት ጊዜ እንደሚሄዱ ይጻፍ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ይመደብለት። በከተማው ውስጥ ያለው በባጃጅ ይሆናል፤ ወደ ሩቅ የሚሄደው ከመነኻሪያው በሚነሣው መኪና ይሆናል። ቀኑ የማይታወቀውና በሌሊት የሚመጣው ግን፣ ያ የምጥ ነገር፣ ስሙ የሚታወቅ ነጂ ያሻዋል። መንጃ ፈቃድ ያለው የጎረቤት ልጅ ወይም የወንድም ልጅ ተፈልጎ፣ ወር በወር ጥቂት ገንዘብ ተቈርጦለት፣ «አባባ ሲጠሩህ ቶሎ ድረስ» ተብሎ ይቀጠር።

ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል ቢሉ፣ ባሕር ማዶ ካሉት ልጆች ነው ብለን በግልጥ እንናገራለን። ከዋሽንግተን ስልክ ደውሎ «ቍልፉን ቀሟቸው» ማለት ዋጋ የለውም፤ ለአንድ ነጂ የወር ደመወዝ መላክ ግን ዋጋ አለው። ጎማና ባትሪ ሲልክ የኖረ ልጅ ይህን የሚያቅተው አይመስለንም። የሌሊቱ መኪና በነጂ እጅ መቀጠሉን መንደሩ ሲያውቅ፣ የሽማግሌው በር እንደ ቀድሞው መንኳኳቱን አያቋርጥም።

አባት የመጀመሪያውን ቀን «እሺ» ባይሉ ልጅ አይቈጣ። ይህ በአንድ ቁርስ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ሌሊቱን፣ ቀጥሎ ጉሙንና ዝናቡን፣ ቀጥሎም ከከተማ ውጭ ያለውን ቢተዉ፣ የቀረው በቀላሉ ይከተላል። እሺ ማለት ቢያስቸግራቸው የነፍስ አባታቸውን፣ ወይም ራሱ ቀድሞ መንዳቱን የተወ የዕድሜ እኩያቸውን መላክ መልካም ነው፤ ሽማግሌ ከሽማግሌ ጋር ሲመክር የሚያፍረው ነገር የለውም። ማታለል ግን አይገባም። ሽቦ ነቅሎ «ተበላሸ» ማለት፣ ቍልፍ ደብቆ «ጠፋ» ማለት የሚገኝ ነገር ነው። አባት መካኒክ አስጠርተው ሽቦው የተነቀለ መሆኑን ሲያውቁ ከመኪናው ይልቅ ልጃቸውን ያጣሉ፤ በማግስቱም በነገር ሳይሆን በእልኽ ይነዳሉ።

አንድ ልዩ ነገር አለ፤ የመርሳት በሽታ የጀመረው ሰው ነው። የሄዱበትን የሚረሱ፣ ትናንት የተስማሙትን ዛሬ የማያስታውሱ፣ ማለዳ ማለዳ እንደ አዲስ ቍልፍ የሚፈልጉ ከሆኑ፣ ምክርና ልመና አይጠቅማቸውም፤ ስምምነቱ ራሱ ይረሳልና። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ከመሰከረ በኋላ መኪናው ከግቢው ይውጣ፤ ወደ ሌላ ልጅ ቤት ይወሰድ። ቢያዝኑም ኀዘናቸውን መቀበል ይሻላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1074 ፈቃድ የሚሰጠው ለመንዳት ብቃት ላለው ሰው መሆኑን ይደነግጋል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በቸልተኝነት ሰውን የገደለ እንዲቀጣ ያዛል። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 799 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድንም የገንዘቡን ካሣ ይረዳል እንጂ፣ ከሟች ቤተ ሰብ ጋር የሚደረገውን ዕርቅ አይፈጽምም። መንዝ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ይህን እያወቀ ዝም ያለ ልጅ ከአባቱ ይልቅ ራሱ ተጠያቂ ነው ብንል አናጋንንም።

ስለ እናቶች አልተናገርንም፤ በዚያ ዕድሜ ያሉ የሚነዱ እናቶች በደጋው ጥቂት ስለ ሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ግን አሉ፤ ነገሩም አንድ ነው።

አባት እሺ ያሉ እንደ ሆነ ወዲያው መኪናውን አትሽጡ። የተሸጠ መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ ግቢውን ባዶ ያደርገዋል፤ ሽማግሌውም በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያንን ባዶ ስፍራ ሲያዩ ይውላሉ። ለጥቂት ወራት ይቈይ። አባት ባናቸውን ደርበው ጋቢና ይቀመጡ፤ ነጂውንም ያስተምሩት፤ ከየትኛው ጠመዝማዛ በፊት ማርሽ እንደሚቀነስ፣ በዝናብ ጊዜ የትኛው ወራጅ ውኃ መንገዱን እንደሚቈርጠው፣ ጉሙ በምን ሰዓት እንደሚነሣ ከእርሳቸው ይልቅ የሚያውቅ የለምና። ቍልፉም የመርሳት በሽታ ከሌለባቸው ከእርሳቸው ዘንድ ይቀመጥ። ነጂው ማለዳ መጥቶ «አባባ፣ ዛሬ ወዴት ነን?» ብሎ ቍልፉን ከእጃቸው ይቀበላል፤ ማታም መኪናውን አጥቦ፣ የጠጣውን ነዳጅ ተናግሮ፣ ቍልፉን ለእጃቸው ይመልሳል።